የተሳቢ መብራት የምታሠሩ ሰዎች፣ ኮምቦልቻ ላይ ይህን ቤት ሞክሩት

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውጫ፣ የከባድ መኪና መለዋወጫ ሱቆች መሐል ያለ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ነው። ታፔላው ደብዝዟል፤ ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት። የመኪናዬን የተሳቢ መስመር ከነሶኬቱ እንደ አዲስ ያዘረጋሁት እዚያ ነው፣ እናም በጣም ረክቻለሁ።

ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ የተሠራልኝ ሥራ አስመርሮኝ ነበር። ፍሬን ስይዝ የተሳቢው ፍሬቻ አብሮ ይበራል። ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ የኋላው መብራት ይደበዝዛል። ደሴ ጭጋግ በወረደበት ማታ እንዲህ ያለ መብራት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ከኋላ በሚመጣው ሰው ነፍስ መቀለድ ነው። ተመልሼ ስነግራቸው አምፖል ቀይረው ሸኙኝ።

እዚህ ቤት ግን አምፖል የነካ የለም። ባለሙያው ምልክቱን እንደሰማ ቴስተሩን ይዞ ቀጥታ ወደ ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ ወደሚመለስበት መስመር ሄደ። ማሳ ሲላላ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል በኩል ዞሮ ይወጣል፣ መብራቶቹ የሚደበላለቁት ለዚህ ነው። ሶኬቱን ሲፈታው የማሳው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ በሁለት ቀጭን ክር ተንጠልጥሏል። የፊተኞቹ ሠሪዎች የቀረውን የመመለስ ሥራ ለመጎተቻው ብረት ትተውታል። ግራሶ የጠጣና የሚወዛወዝ ብረት ደግሞ ለማሳ አይታመንም።

ከሁሉም ወፍራሙን ገመድ ለማሳ ሰጠ። የሻሲውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ፍቆ በቡሎን አሰረው። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በሊድ በየደና በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አለበሰው። የተሳቢውን መብራት በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አድርጎ የራሱን ፊውዝ ስለሰጠው፣ ተሳቢው ላይ ሾርት ቢፈጠር የመኪናው መብራት አብሮ አይጠፋም።

በጣም የወደድኩት ሙከራውን ነው። አንድ በአንድ ሳይሆን ፍሬኑን፣ ፍሬቻውንና የኋላ መብራቱን ባንድ ላይ አብርቶ ረዳቱን ከኋላ አቆመው። ደካማ ማሳ ራሱን የሚያጋልጠው ሁሉም ሲበራ ነው፣ ብዙ ጋራዥ ግን ይህን አያደርገውም።

ባለፒካፖች አንድ ነገር ልብ በሉ። በተለመደው የከባድ መኪና ባለ 24 ቮልት ሰባት እግር ሶኬት ማሳው 1 ቁጥር፣ የፍሬን መብራቱ 4 ቁጥር ላይ ነው። የትንሹ ተሳቢ ባለ 12 ቮልት ሶኬት ላይ ግን ማሳው 3፣ የፍሬን መብራቱ 6 ነው። የአንዱን አሠራር ለሌላው የሚገለብጥ ሰው እንዳያጋጥማችሁ።

ቅሬታም አለኝ። ዋጋው ከጎረቤቶቹ ወደድ ይላል፣ ደረሰኝም ካልጠየቃችሁ አይቆርጡም። ከሰዓት በኋላ ከጅቡቲ መስመር የገቡ መኪኖች ስለሚሰለፉ ወረፋው አይቻልም፣ በጠዋት ግቡ። የ12 ቮልቱን ሶኬት ብዙ ጊዜ ስለማይዙ ገዝታችሁ ሂዱ።