የፈንግል የደም ምርመራ ለጅማ ዶሮ አርቢ፦ ኤች አይ ይሻላል ወይስ ኤላይዛ?

ኤች አይ (ቫይረሱ ቀይ የደም ሴልን እንዳያያይዝ መታገዱን የሚያይ) እና ኤላይዛ (በቀለም ለውጥ የሚለካ) ሁለቱም በዶሮዋ ደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ሰውነቷ በሽታን ለመከላከል የሚሠራውን፣ ይለካሉ። ቫይረሱ ወይም ክትባቱ አንድ ጊዜ እንዳገኛት ይናገራሉ እንጂ ዛሬ ታማ እንደሆነ አይነግሩም። ስለዚህ ሌሊቱን ዶሮ ያለቀበት አርቢ ደም አስመርምሮ ገንዘቡን አያባክን። ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ እስኪታይ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ለእሱ የሚበጀው ከጉሮሮና ከፊንጢጣ በስዋብ (ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት) የሚወሰድ ናሙና በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ) እንዲታይለት ማድረግ ነው።

የደም ምርመራው ሁነኛ ጥቅሙ ክትባቱ መያዙን ማረጋገጥ ነው። ለዚህ፣ ፈንግል ብቻ ለሚያሳስበውና አንድ ቤት ዶሮ ላለው የጅማ አርቢ፣ ምርጫችን ኤች አይ ነው። ሴረሙ (ደሙ ሲረጋ የሚለየው ቢጫ ፈሳሽ) ታቹ ሹል በሆነ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ በ25 ማይክሮሊትር በየደረጃው በግማሽ እየቀጠነ ይሄዳል፤ 4 ዩኒት አንቲጅን (ለምርመራ የተዘጋጀ የፈንግል ቫይረስ) ይጨመርበትና 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ 1 በመቶ የታጠበ የዶሮ ቀይ የደም ሴል ገብቶ 40 ደቂቃ ገደማ ይጠበቃል። ንባቡ ሳህኑን ዘንበል አድርጎ ነው፦ ከጉድጓዱ ታች የተቋጠረው ቀይ ነጥብ እንደ እንባ ወደ ታች ከወረደ ፀረ እንግዳ አካሉ ቫይረሱን አግዶታል። ደሙ ስስ ሆኖ ጉድጓዱን ካለበሰው አላገደውም። ሴረሙ 1 ለ16 እና ከዚያ በላይ ቀጥኖም ካገደ ፖዘቲቭ ነው። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አንቲጅኑ ላይ ነው። በዕለቱ ዳግም ሳይለካ ቀርቶ 4 ዩኒት የተባለው 8 ከሆነ የሁሉም ዶሮ ውጤት አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ደህና የተከተበው መንጋ ደካማ ይመስላል። ውጤት ስትቀበሉ አንቲጅኑ በዕለቱ መለካቱን ጠይቁ።

ኤላይዛ ፈጣንና ለብዙ ናሙና ምቹ ነው። በሰፊው በሚታወቀው የአይዴክስ ኪት ሴረሙ 1 ለ500 ይቀጥናል፣ 30 ደቂቃ ይቆያል፣ ይታጠባል፣ ኮንጁጌት (ከፀረ እንግዳ አካሉ ጋር የሚጣበቅ ኢንዛይም ያለበት ፈሳሽ) ገብቶ ሌላ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ቀለም ሰጪው 15 ደቂቃ፤ በመጨረሻ ማሽን በ650 ናኖሜትር ያነበዋል። ናሙናው ከፖዘቲቭ መቆጣጠሪያው ጋር ያለው ንጽጽር ከ0.20 ካለፈ ፖዘቲቭ ነው። ኪቱ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ከተሠራበት ቀለሙ ይደክማል፤ እጥበቱ ከጎደለ ደግሞ ጤናማውም ፖዘቲቭ ይመስላል። ማሽን ስለሚጠይቅና ሳህኑ ሳይሞላ ሲሠራ ስለሚያስወድድ ለአንድ እርባታ አይመከርም። አንዱ ሳህን ለመቆጣጠሪያ 4 ጉድጓድ ወስዶ 92 ስለሚተርፍ፣ ሦስት እርባታዎች እያንዳንዳቸው 30 ናሙና ይዘው ቢደራጁ ግን ሒሳቡ ይወጣል።

30 ለምን? በትልቅ መንጋ ውስጥ 10 በመቶው ቫይረሱን አግኝቶ ከሆነ ቢያንስ አንዷን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማግኘት 29 ዶሮ ይበቃል። ግን ከበሩ አጠገብ ያሉትን ብቻ መያዝ አይሆንም፤ ከቤቱ አራት ማዕዘንና ከመሃል ይወሰድ። ከክንፍ ሥር ደም መልስ 1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር በ3 ሚሊ ሲሪንጅ ቀስ ተብሎ ይሳባል። በኃይል ከተሳበ ሴሉ ይፈነዳና ሴረሙ ይቀላል። ከዚያ መግፊያው ትንሽ ወደ ኋላ ተስቦ አየር ይገባል፤ ሲሪንጁ ጋደም ብሎ በጥላ ይቀመጣል። ደሙ ሳይረጋ በረዶ ላይ ከተደረገ ሴረሙ በደንብ አይለይም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከረጋ በኋላ ቢጫው ፈሳሽ ብቻ በንጹሕ ቱቦ ተቀድቶ በአይስ ሳጥን ይጓዛል። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያለባት ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ስለሆነች አዲስ አበባ መግባት አያስፈልግም፤ ግን መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና በረዶው እስከዚያ የሚቆይ ይሁን።

አተረጓጎሙ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ላሶታ የተባለውን ሕያው የፈንግል ክትባት በወሰደ መንጋ ሁለቱም ምርመራዎች የክትባቱን ከመስኩ ቫይረስ አይለዩም። ጥርጣሬ ካለ በሕመሙ መጀመሪያና ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ይመርመሩ፤ አራት እጥፍ መጨመር ክትባት ካልተደገመ ኢንፌክሽንን ያመለክታል። ውጤቱ ከዶሮ ዶሮ በጣም ከተራራቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመጠጥ ውኃው ነው፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ሕያው ክትባትን ይገድላል። በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ቀድሞ መበጥበጥ ይህን ያቃልላል። ክትባቱን ባልወሰደ መንጋ ላይ የፈንግል ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ ግን ዶሮ ከግቢ አይውጣ፤ በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።

ቱቦው ላይ ቁጥር፣ ወረቀቱ ላይ የዶሮዋ ዕድሜ በሳምንት፣ የእያንዳንዱ ክትባት ስምና ቀን፣ በዓይን ጠብታ ይሁን በውኃ መሰጠቱ ይጻፍ።