ዓሳው ጥሩ ነው፣ ቀኑን ግን ጠይቁ

ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ አንድ ዓሳ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፣ ወደ ታች ስትደርሱ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ሰኞ ዕለት አንዲት እንግዳ ነበረችኝ። ፋሲል ግቢን አይተን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት አንጋጠን ስናይ ቆይተን ወጣንና ምን ትበያለሽ ስላት ዓሳ አለች። ለካ ሙያዋ ነው። ባሕር ውስጥ ዛጎል ያላቸው እንስሳት እንዴት እንደሚረቡ፣ ከሌላ ባሕር የሚመጡ ወራሪዎች ደግሞ ምን እንደሚያደርሱባቸው ታጠናለች። እኔ ዛጎል የማውቀው አንገት ላይ ታስሮ ነው። ይበላል ስትለኝ ፊቴ ሳይኮማተር አልቀረም፣ ሳቀችብኝ።

ምግቡን ላስቀድም። የቀረሶ ሙሉ ጥብስ አዘዝን። እዚህ ቤት ባለሙያ አለ። ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ስለተጠበሰ ቅመሙ እስከ አጥንቱ ገብቷል፣ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ አልደረቀም። አዋዜው ያስለቅሳል፣ ደስ የሚል ለቅሶ። ሎሚ ሳንጠይቅ መጣልን። ጉላሹ ግን ቲማቲም ብቻ ነው፣ ዓሳውን በሹካ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ቧንቧው ውሃ የለውም፣ በጆግ ያስታጥቧችኋል፣ እሱ ምንም አይደል።

ሜኑው ላይ አምባዛም ነጭ ዓሳም አለ። ሁለቱም አልነበሩም። የቤቱን ባለቤት «እትዬ፣ ታዲያ ለምን ጻፋችሁት?» ብላቸው «እምቦጩ ነዋ ልጄ!» አሉኝ፣ ጣናን የወረረውን አረም ማለታቸው ነው። ሳቄ መጣ። ጎንደር ውስጥ ዓሳ ሲጠፋ እምቦጭ፣ ሲወደድ እምቦጭ፣ ሲያንስም እምቦጭ ነው። ለእንግዳዬ እንደ ቀልድ ተርጉሜ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም።

እሷ የምታጠናውን ነገረችኝ፦ ማስል የሚባል ሁለት ክዳን ያለው ጥቁር ዛጎል አለ። አርቢዎቹ ገመድ ባሕር ውስጥ ያንጠለጥላሉ፣ ማስሉ ይለጠፍበታል። መኖ አይፈልግም፣ የሚያልፈውን ውሃ እያጣራ ጥቃቅኑን ይበላል። በነፃ የሚያድግ ከብት በሉት። ከዚያ መጤው ይመጣል። በ1998 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ላይ ከእስያ የመጣ፣ ከረጢት የሚመስል የባሕር እንስሳ ተገኘ። እንዲህ ያለው መርከብ ሆድ ላይ ተለጥፎ ነው አገር የሚያቋርጠው። ገመዱን ሞልቶ ይይዘዋል፣ የማስሉን ምግብ ይሻማል፣ ገመዱ ሲጎተት ደግሞ ከክብደቱ የተነሳ ማስሉ ይረግፋል። ዛጎሉ ራሱ ወራሪ የሚሆንበት ጊዜም አለ አለችኝ፦ በ1980ዎቹ መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሚጭኑት ውሃ ተሳፍሮ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የገባ አንድ ትንሽዬ ባለመስመር ዛጎል የውሃ ቱቦ እየደፈነ ስንት ገንዘብ አስወጥቷል።

ሳቄ ቆመ። እናቴ የደምቢያ ሰው ናት፣ አጎቴ መረቡን እምቦጩ ጠቅልሎ ሲወስድበት በዓይኔ አይቻለሁ። አረሙ ከደቡብ አሜሪካ ነው የመጣው፣ ጣና ላይ መውረሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ዳር ዳሩን ሲሸፍነው ታንኳ አያስወጣም፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ብርሃንም አየርም ያጣል። የሚያፋፋው ደግሞ ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ነገር ነው። አንገረብ የእኛን እጣቢ ይዞ ማገጭ ይገባል፣ ማገጭ ጣና ይገባል። ስለዚህ እትዬ ላይ መሳቄ ልክ አልነበረም። ነጭ ዓሳው እንኳ እምቦጭ ብቻ አይደለም ያጠፋው። ክረምት ላይ ሊራባ ወደ ወንዞቹ ሲወጣ አፋቸው ላይ በመረብ ይጠብቁታል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። እንግዳዬ ያልተጠበሰውን ማየት እችላለሁ አለች፣ ፍሪጁ ተከፈተ። አንዱን አንስታ መተንፈሻ ስንጥቡን በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ቀይ መሆን ነበረበት፣ የቡና አተላ መስሏል። ዓይኑ ደፍርሶ ወደ ውስጥ ገብቷል። እትዬ «ትናንት ነው የገባው» አሉ። ቆየት ብለው «ኧረ ዓርብ ነው መሰለኝ፣ መብራትም ጠፍቶብን ነበር» አሉ። ሦስት ቀን! የበላነው ጥሩ ነበር፣ አላመመንም፣ ግን ያ አዋዜ ምን ሲሸፍን እንደነበር አሁን ገባኝ። እምቦጭ ዓሳ ያሳንስ ይሆናል እንጂ ፍሪጅ ውስጥ አያስረጅም። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ፣ አልተቆጡም፣ ቡናውን በነፃ አደረጉልን።

ሂሳቡ ለሁለት ሰው ከሺህ ብር አለፈ። ለትኩስ ዓሳ አይከፋኝም ነበር።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ከጎርጎራ በቆላድባ በኩል መኪና የሚገባላቸው ማክሰኞና ዓርብ ነው፣ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼ፣ ዓርብ የማይመቸው ማክሰኞ ከሰዓት ይሂድ። ሙሉ ጥብስ እዘዙ፣ ከመጠበሱ በፊት ስንጥቡን አሳዩን በሉ። ጉላሹን ተዉት።