አዲስ አበባ 13 ቀን፣ ሐዋሳ ሁለት ሰዓት ተኩል

የ2017ን ገናና ጥምቀት አገር ቤት ዋልኩ። ከፍራንክፈርት ስነሳ አገሬን ካየሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ «አገልግሎቱ እንዴት ነው? ተሻሽሏል?» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈው።

ቦሌ ሲም ካርድ ለማውጣት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ራይድ ጥሩ ነው፣ ሾፌሮቹም ጨዋታ ያውቃሉ። ቴሌብር ደግሞ እኔ ካለሁበት አገር ይሻላል፤ ጀርመን ዛሬም «ካርድ አንቀበልም» የሚል ዳቦ ቤት አለ። እነዚህን በአንድ አፍ አመስግኜ ልለፋቸው። የሚያስጽፈኝ ጋራዡ ነው።

አጎቴ ናፍጣ ራቭ ፎር አላቸው። እ.ኤ.አ. የ2004 ስሪት ናት፣ ዲ ፎር ዲ የሚባለው ሞተር ያላት። ከአውሮፓ ያገለገለች ሆና ነው የገባችው። የፊት መስታወቷ ጥግ ላይ ግማሹ የተላጠ ቢጫ ክብ ወረቀት አለ፣ መሀሉ ላይ 3 ቁጥር የተጻፈበት። ሳየው ሳቄ መጣ። የጀርመን የጭስ ደረጃ ምልክት ነው። ቢጫ የለጠፈ መኪና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፍራንክፈርት መሀል ከተማ አይገባም፣ አረንጓዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እኔ ከምኖርበት ከተማ የተባረረች መኪና አጎቴ ግቢ ውስጥ ጠበቀችኝ ማለት ነው።

አጎቴ ቁልፉን ሰጡኝ። «ትንሽ ታጨሳለች እንጂ ጤነኛ ናት» አሉኝ።

ትንሽ አይደለም የምታጨሰው። ወደ ሽሮሜዳ ዳገቱን ስንወጣ በኋላ መስታወት መንገዱ ጠፋኝ። የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ከሰል ነው የጫንከው?» አለኝ። ሚኒሞዋም (ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ያለው አዟዟር) ልክ አይደለም፤ መብራት ላይ ስንቆም ብርድ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ይህን በሽታ በገንዘቤ ተምሬዋለሁ። ፎልክስቫገን የጭስ ምርመራን በሶፍትዌር ሲያጭበረብር ከተያዘበት ከ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ቅሌት በኋላ የኔንም ጎልፍ ጠርተው ሶፍትዌሯን ቀየሩላት፤ ዓመት ሳይሞላ ኢጂአር ቫልቯ ተደፈነ። ሦስት ሳምንት ቀጠሮ ጠብቄ 1,100 ዩሮ ከፈልኩ። «ማጽዳት አይቻልም?» ብዬ ስጠይቅ ሰውዬው ነውር የተናገርኩ ይመስል አየኝ። እዚያ የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ከ100 ዩሮ በላይ ነው፤ ማንም ተቀምጦ ጥላሸት አይፍቅልህም። አውጥቶ አዲስ ይገጥማል።

ኢጂአር ማለት ሞተሩ ከሚተፋው ጭስ ጥቂቱን ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልስ በር ነው። ጭስ መልሶ ማጉረስ ምን ይሉታል ትሉ ይሆናል። የተቃጠለው ጋዝ ሲቀላቀል የቃጠሎው ግለት ይበርዳል፤ ግለቱ ሲበርድ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይቀንሳል። ጣጣው የናፍጣ ጭስ ጥላሸት መያዙ ነው። ጥላሸቱ ከሞተር ዘይት ተን ጋር ተለውሶ በሩ ላይ ይጋገራል። በሩ በከፊል እንደተከፈተ ደርቆ ሲቀር ሞተሩ ንጹህ አየር ያጥረዋል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ራሱ ስስ ነው። በዚያ ላይ ከመገናኛ ቦሌ በአንደኛ ማርሽ መንፏቀቅ አለ። ሞተሩ በደንብ ተነድቶ ጥላሸቱን የሚያራግፍበት ቀን የለውም።

እና ለአጎቴ «ኢጂአሯ ነው፣ ላሳጥብልዎ» አልኳቸው። እሳቸውም አንድ ጋራዥ ላኩኝ። ስሙንም ሰፈሩንም አልጽፍም። ምክንያቱን ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

ሐሙስ ጥር 1 መኪናዋን አስገባሁ። ባለቤቱን ሠራተኞቹ «ኢንጂነር» ይሉታል። ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ቅዳሜ መጥተህ ውሰድ» አለኝ።

ቅዳሜ ሄድኩ። አልተነካችም። መብራት ጠፍቶ ነበር። አራት ብሎን ለመፍታት መብራት ምን ይሠራል ብዬ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት። እንግዳ ነኝ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አልጨቃጨቅም።

ሰኞ ተከፍታ ጠበቀችኝ። «ቫልቩ ሞቷል፣ ማጽዳት ገንዘብ መጣል ነው፣ አዲስ ይግባ» ተባልኩ። ዋጋው 46,000 ብር። «ዶላር ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ አይቀመስም» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ከሐምሌ 2016 በኋላ ያልጨመረ ነገር የለም። የነዳጅ መኪና ማስገባትም ስለተከለከለ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና ጥርሱን ነክሶ ይጠግናል። የእጅ ዋጋ ደግሞ 12,000። ዕቃው ከዱባይ በሰው ይመጣል፣ ረቡዕ ይገባል፣ ቀብድ 30,000 ወዲህ በል። ከፈልኩ።

ረቡዕ «ጉምሩክ ይዞታል» አለኝ። በሰው ሻንጣ የሚመጣ ዕቃ ጉምሩክ እንዴት ያዘው አልልም፣ ሊይዘው ይችላል። አርብ ደግሞ «ነገ እኮ ከተራ ነው፣ ከበዓል በኋላ» ሆነ። እኔ የዓመት ፈቃዴን ቀን በቀን እየቆጠርኩ ነው። ቅዳሜ ከተራ፣ እሑድ ጥምቀት፣ ሰኞ ሚካኤል። ጃንሜዳ በእግሬ ሄድኩ። ለነገሩ መኪና ቢኖረኝም አይነቃነቅም ነበር።

በየቀኑ ስልክ ስደውል ያው አንድ መልስ ነው። «አታስብ ወንድሜ።» ይህን ቃል ስድስት ዓመት ናፍቄው ነበር። ጀርመን ማንም «አታስብ» አይልህም፤ ቀኑንና ሰዓቱን በደብዳቤ ይልክልሃል። በሦስተኛው ቀን ግን ያ ደብዳቤ ናፈቀኝ።

ማክሰኞ ጥር 13 ተጠርቼ ሄድኩ። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ቫልቩ እንደ ሰርግ ድስት ያብለጨልጫል። ተነሳች፤ ሚኒሞዋ ጸጥ ያለ፣ ጭስ የለም። ልክ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «አሮጌውን ስጡኝ» አልኩ፤ ፍራንክፈርት የተለመደ ነው፣ ከጠየቅህ የወጣውን ዕቃ በካርቶን ያስረክቡሃል። «ጣልነው። ቆሻሻ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል፣ አንተ ደግሞ የቤት ልጅ ነህ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። 58,000 ብር፣ በመነዘርኩበት ሂሳብ ወደ 450 ዩሮ። ከጎልፏ ግማሽ አይሞላም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በሁለተኛው ቀን ቤተሰቤን ጭኜ ወደ ሐዋሳ። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ያምራል፣ ራቭ ፎሯም ወጣት ሆነች። ለአጎቴ ደውዬ «ጋራዡ ጎበዝ ነው» አልኳቸው። ከራሴ አፍ ነው የወጣው፣ አልክድም።

ባቱን አልፈን ብዙ ሳንርቅ የሞተሩ ቢጫ መብራት በራ። ላንጋኖ አካባቢ እንደ ድስት ክዳን የሚያፏጭ ድምፅ መጣ። አርሲ ነገሌ ስንደርስ ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ «አባ፣ ይሸታል» አለች። የጭስ ሽታ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ እየገባ ነው። መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ አቧራውን እየጠጣን ሐዋሳ ገባን። ከጭስ ጋር የሚመጣው የማይሸት ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እንደሚገድል ስለማውቅ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም።

የሐዋሳው ጋራዥ ቤት እንኳን የለውም፤ ቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ኮንቴይነር፣ አንድ የማንጎ ዛፍ ነው። ልጁ ሃያ ስድስት ቢሆነው ነው። ስልኩ ላይ በብሉቱዝ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ሰካና «ፒ ዜሮ አራት መቶ ይላል፣ የኢጂአር ፍሰት ነው» አለ። አዲስ የተገጠመ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ልጁ መልስ አልሰጠኝም። በአውራ ጣቱ ጥፍር ቫልቩን ፋቅ ፋቅ አደረገው። የብር ቀለሙ ተላጠ። ሥሩ ያው አሮጌው ብረት ነው፣ ጥላሸቱ እንኳን አልጸዳም፤ ላዩ ላይ ነው የነፉበት።

ከዚያ ፈታው። በቫልቩና በቧንቧው መሀል፣ ጓርኒሲዮን (ጭስ እንዳያመልጥ በመጋጠሚያው መሀል የሚገባው ማሸጊያ) መሆን ባለበት ቦታ፣ በመቀስ የተቆረጠች ቆርቆሮ ተቀምጣለች። በጭሱ በኩል ያለው ፊቷ ከስሎ ጠርዟ ተበስቷል። ፉጨቱም ሽታውም የመጣው ከዚያ ነው። ልጁ ገልብጦ አሳየኝ። በሌላው ፊቷ ላይ ሰማያዊ ቀለም፣ በሰማያዊው ላይ ግማሽ ላም። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው።

የዱባዩ ቫልቭ ይህ ነው እንግዲህ። 46,000 ብር፣ 13 ቀን፣ ግማሽ ላም።

ልጁ አልሳቀም፣ እኔ ግን ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። በሩን በላሜራ መድፈን ብዙ ጋራዥ የሚሠራው ነገር ነው አለኝ። ጭሱ ስለማይመለስ ሞተሩ ንጹህ አየር ያገኛል፣ ጥቁሩ ጭስ ወዲያው ይጠፋል፣ ባለመኪናው ደስ ብሎት ይሄዳል። የማይታየው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን ይጨምራል። ጀርመን ይህን አድርገህ ብትገኝ መኪናው የመንገድ ፈቃዱን ያጣል። እሺ፣ እዚህ አገር ያለ ነገር ነው እንበል። ደፍነናል ብለው ነግረውኝ የድፈና ዋጋ ቢያስከፍሉኝ ይህን ባልጻፍኩ። እኔ የተናደድኩት አዲስ ገጠምን ባሉት ነው። ልጄን ጭስ ባሸተቷት ነው።

ሥራውን አጠገቡ ቆሜ አየሁት። የቫልቩ ውስጥ እንደ ምጣድ ሥር ሆኗል፣ ጥላሸቱ ጣት ያህል ወፍሮ መውጫው የእርሳስ ቀዳዳ ታህል ነበር የቀረችው። በካርቦሬተር ማጽጃ ረጨው፣ ተወው፣ በነሐስ ብሩሽ ፈቀፈቀው፣ እንደገና ረጨው። ላስቲክ ያለበትን የላይኛውን ክፍል ግን በጨርቅ ጠቅልሎ ጠብታ አላስነካውም፤ ማጽጃው ላስቲኩን ይበላዋል አለ። የአየር ማስገቢያውንም አፍ ጠረገ፣ ቫልቩ ብቻ ጸድቶ እሱ ከቀረ ትርፉ ድካም ነው።

ከዚያ ቀጭኗን የአየር ቱቦ አፉ ውስጥ ከትቶ ሳበ። ውስጥ ያለችው ዘንግ ብድግ አለች። የቱቦውን ጫፍ በምላሱ ደፍኖ ዝም አለ። ሃያ ቆጠርኩ፣ ዘንጓ አልወረደችም። ምላሱን ሲያነሳ ጠብ ብላ ተዘጋች። «ፋዘር፣ ሳንባዋ ደህና ናት» አለኝ። «ላስቲኩ ቢቀደድ ኖሮ ነበር የምትቀየረው።» ሞቷል የተባለው ቫልቭ እንግዲህ ይህ ነው።

ታናሽ ወንድሙን ልኮ ሁለት ጓርኒሲዮን አስገዛ፣ ገጠመ፣ ኮዱን አጠፋ። «ሂድና ከፍ አድርገህ ነድተህ ተመለስ» አለኝ። ወደ ይርጋለም መንገድ ወጣ ብዬ ተመለስኩ። መብራቱ አልበራም፣ ሽታ የለም፣ ጭሱም ለናፍጣ የሚገባውን ያህል ነው። የእጁ 4,000፣ ዕቃው 900። ሁለት ሰዓት ተኩል። የተፈታውን አሮጌ ጓርኒሲዮን፣ ማጽጃውን የገዛበትን ወረቀትና ላሟን በፌስታል አድርጎ ሳልጠይቀው ሰጠኝ። ጉርሻ ስጨምርለት ለወንድሙ አቀበለው።

ለኢንጂነሩ ከሐዋሳ ደወልኩለት። ፎቶውንም ላኩለት። ትንሽ ዝም አለና «ግን ጭሱ ቆመ ወይስ አልቆመም?» አለኝ። ቆሟል። ይህን መከራከሪያ ምን ብዬ እንደማፈርሰው እስካሁን አላገኘሁም። ቀጥሎ ልጆቹ ናቸው የሠሩት አለ፣ ቀጥሎ ዘመዳሞች ነን አለ። ከሁለት ቀን በኋላ 20,000 ብር በቴሌብር ገባልኝ። ቀሪውን «ሲመቸኝ» ብሏል።

ሄጄ አንገቱን ያልያዝኩት፣ ስሙንም እዚህ ያላወጣሁት፣ እሱና አጎቴ አንድ እድር ስለሆኑ ነው። እኔ በአውሮፕላን እሄዳለሁ። እሳቸው ግን በየወሩ እሑድ አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ይሉኝታ ነው በሉት። እናንተ ግን መኪና ስታሠሩ ከመግባቷ በፊት ዕቃውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የወጣውን ዕቃ ስጡኝ በሉ። «ጣልነው» ካሏችሁ ቀሪውን ብር ከኪሳችሁ አታውጡ።

ላሟን ይዣት መጥቻለሁ፣ ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አጎቴ ትናንት ደወሉልኝ። ራቭ ፎሯ ዳገት እንደ ሜዳ ነው የምትወጣው አሉኝ። «ጋራዡ ጎበዝ ነው አላልኩህም?»

«ብለውኛል ጋሼ» አልኳቸው።