ቀዩን ቀለም በቁጠባ፦ ለደብረ ማርቆሱ ልጅ ምስጋና

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ሱቁን እጠቁማችኋለሁ።

ሶፍትዌር ወደ አማርኛ ከሚመልሱ በጎ ፈቃደኞች ጋር ማታ ማታ በአይአርሲ እንገናኛለን። (አዎ፣ ያ በ1988 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ የተሠራው አሮጌ ቻት። ዛሬም አለ።) ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ሲወርድ ያከራከረን ቃል ከተስማማንበት ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። በቀለም ልለየው ብዬ አንድ የማላውቀው ሰው የላከልኝን መስመር ገልብጬ ለጠፍኩ። የመጣው ቀለም ሳይሆን በእኔ ስም ለሰው ሁሉ የሚላክ ማስታወቂያ ሆነ። አፈርኩ።

ልጁ መጀመሪያ ያንን አጸዳልኝ። ከዚያ ሄክስቻት የሚባለውን የአይአርሲ ፕሮግራም ከፍቶ ኮንትሮልንና ኬን ተጭኖ 4 ሲጽፍ ቀይ፣ 3 ሲጽፍ አረንጓዴ አደረገው። "እሱንማ ሞክሬው ጉድ ሆኛለሁ" አልኩት። በቀይ "3 ሰዓት እንገናኝ" ብዬ ብልክ ለሌሎቹ የደረሳቸው "ሰዓት እንገናኝ" ነበር፤ ስንት ሰዓት ሲሉኝ አመሹ። ሳቀ። "ጋሼ፣ 4 እና 3 ተጣብቀው 43 የሚባል ቀለም ሆነው ነው። 04 ይበሉ፤ ሁለት አሃዝ ካገኘ ሦስተኛውን አይነካም።"

ቁጥሩን ሁልጊዜ እንዳላስታውስ ብሎ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ጻፈልኝ። መስመሩን ሁሉ ያቀላልኛል ብዬ ስጠብቅ በሁለት ኮከብ መካከል ያስገባሁትን ቃል ብቻ ያቀላል፤ ወዲያው ወደ መደበኛው ይመለሳል። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ለካ ኮምፒውተር ሳይነካ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥሯል፤ "በብራናው ቀዩ ለአምላክና ለእመቤታችን ስም ነው፤ ገጹ ሁሉ ቢቀላ ስሙ በምን ይለያል?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

ቀለም የማይወዱ ቻናሎች (የአይአርሲ መወያያ ክፍሎች) እንዳሉም ነግሮኛል፤ አንዳንዱ ቀለሙን አራግፎ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ መልእክቱን ጭራሽ ይመልሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ።

ያስከፈለኝ ለማጽዳቱ ብቻ ነው፤ ለስክሪፕቱ ቡና ይበቃል አለ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ!

የምትሄዱ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። በወር በ12 ግን አትድከሙ፤ ሚካኤል ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው።