የድሮ መኪና የፊት መብራት ሪሌ፦ ኦሪጅናሉ ይሻላል ወይስ አዲሱ?

የድሮ መኪና መብራት ሲፈዝ መጀመሪያ የሚቀየረው አምፖሉ ነው። ቀጥሎ ባትሪው ይጠረጠራል፣ ከዚያ ዲናሞው ይወቀሳል። ለሪሌው፣ ማለትም ከማብሪያው በሚመጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ የመብራቱን ትልቅ ኤሌክትሪክ ለሚያገናኘው ትንሽ ዕቃ፣ ተራ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ማብሪያው ሲበራ ሪሌው «ጠቅ» ብሎ መብራት ካልመጣ፣ ውስጡ ያለው ኮንታክት (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው የብረት ጫፍ) ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ምንም ድምፅ ከሌለ ሪሌው ብቻ አይደለም ተጠርጣሪው። ከማብሪያው የሚመጣው ሽቦ ወይም የቦዲው ግንኙነት ተቋርጦ ይሆናል። ያኔ አዲስ ሪሌ ብትገዙም ለውጥ የለውም።

ኦሪጅናል ዓይነት ወይስ ባለ ቁጥሩ አዲስ?

የኦሪጅናሉ ትልቁ ጥቅም መልኩ ነው። ቆርቆሮ ሽፋኑ፣ የብሎን ቀዳዳው፣ ሁሉም በቦታው ይገጥማል። ለኤግዚቢሽን የሚቀርብ መኪና ካላችሁ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጠው ሦስት የተለያየ ዕቃ መሆኑ ነው፦ ሳይሸጥ የቆየ፣ ያገለገለ እና በቅርቡ ተመስሎ የተሠራ። ሳይሸጥ የቆየው ካርቶኑ ቢያምርም ኮንታክቱ በእርጥበት ዝጎ ሊሆን ይችላል። ያገለገለውን እኔ አልገዛም። የተበላ ኮንታክት በሌላ የተበላ ኮንታክት መለወጥ ነው።

አዲሱ መደበኛ ሪሌ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። እግሮቹ ላይ ቁጥር አለ። 85 እና 86 ኮንታክቱን ስቦ የሚዘጋው የጥቅል ሽቦ ናቸው። 30 ከባትሪ ይቀበላል፣ 87 ወደ መብራቱ ይልካል። የእንግሊዙ አምራች የሉካስ የድሮ ሪሌዎች ላይ ደብልዩ1 እና ደብልዩ2 የተባሉት የጥቅል ሽቦው፣ ሲ1 እና ሲ2 ደግሞ የኮንታክቱ ስለሆኑ ማዛመዱ አያስቸግርም።

30 አምፔር ወይስ 40? ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ነው የሚወስዱት። የቀዘቀዘ አምፖል ሲበራ ግን ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ስለዚህ 30 አምፔር ቅንጦት አይደለም። ነጋዴው «40 ከሆነ መብራቱ ይደምቃል» ካላችሁ ግን ሳቅ ብላችሁ እለፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ 4 እግር እና 5 እግር

ባለ 5 እግሩ መሃል ላይ ያለው እግር ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ላይ ሁለተኛ 87 ነው፣ ምንም ጉዳት የለውም። ሌላው ላይ 87ኤ ነው። 87ኤ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ሪሌው ባልሠራ ጊዜ ነው። መብራቱን እዚያ ላይ ከሰካችሁት ማብሪያው ሲጠፋ መብራቱ ይበራል፤ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። ለፊት መብራት ባለ 4 እግር ይበቃል።

የሪሌው ጎን ላይ ያለውን ሥዕልም እዩ። በ85 እና በ86 መካከል ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ከተሳለ አቅጣጫው መሳሳት የለበትም። ፖዘቲቩ ከቦዲ ጋር የተገናኘባቸው የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ይሄ በቀላሉ ይሳሳታል፤ ለእነሱ ዳዮድ የሌለውን ውሰዱ። 6 ቮልት መኪና ላይ ደግሞ ባለ 12 ቮልቱ ኮንታክቱን ስቦ መዝጋት ሊያቅተው ይችላል።

አማራጭ የሌለበት ቦታ

የቆዩ ቮልስዋገን ቢትሎች ላይ መሪው ሥር ያለውን ዘንግ በሳባችሁ ቁጥር አጭርና ረጅም መብራት ይፈራረቃል። ይህን የሚያደርገው ልዩ ሪሌ ነው፤ እግሮቹ ላይ 56ኤ እና 56ቢ ተጽፎበታል። ተራው ሪሌ በቀጥታ አይተካውም። ስለዚህ የራሱን ዓይነት ፈልጉ።

ሪሌ ብቻ ወይስ ሙሉ ኪት?

ብዙ የድሮ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ለፊት መብራት ሪሌ አልነበራቸውም። መብራቱ የሚስበው ኤሌክትሪክ በሙሉ ዳሽቦርዱ ላይ ባለው ማብሪያ ያልፋል። ሽቦው ሲያረጅ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የሃሎጅን አምፖል 10 በመቶ ቮልት ሲያጣ ከብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ያጣል።

መብራቱን አብሩና በቴስተር ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎም አምፖሉ ሶኬት ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ1 ቮልት ካለፈ ኪቱን፣ ማለትም ሪሌ፣ ሽቦና ፊውዝ አንድ ላይ የሚሸጥበትን፣ እመርጣለሁ። ኪት ስትገዙ ለአጭርና ለረጅም መብራት የተለያየ ሪሌና ፊውዝ እንዳለው አረጋግጡ። የሽቦውን ውፍረት በፕላስቲኩ አትለኩ፤ ጫፉን ልጣችሁ መዳቡን እዩ። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ መግባት አለበት።

ኮንታክት የሌለው የኤሌክትሮኒክስ ሪሌም ይሸጣል። ለዚህ ሥራ ዋጋውን የሚያካክስ ጥቅም አላየሁበትም።

የእኔ ምርጫ ማታ ለሚነዳ መኪና ውሃ የማያስገባ ባለ 4 እግር አዲስ ሪሌ ነው። መልኩ የሚያሳስባችሁ ከሆነ የድሮውን ቆርቆሮ ሽፋን ባዶ አድርጋችሁ አዲሱን ውስጡ ደብቁት። ለጥሩምባውም ያንኑ ዓይነት ሪሌ ካደረጋችሁ፣ የመብራቱ መንገድ ላይ ቢሞት የጥሩምባውን ነቅላችሁ መሰካት ነው።