ስምንት ወር ከዘ ዱድ ጋር፦ ሳጥኑ አረንጓዴ ነው ማለት ሁሉም ደህና ነው ማለት አይደለም

የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ መካከለኛ ሆቴል ውስጥ ነው። አይቲ ክፍሉ እኔና አንድ ልጅ ነን። ኔትወርኩ፣ ካሜራው፣ ፕሪንተሩ፣ የእንግዳው ዋይፋይ፣ ሁሉም የኛ ነው። የቲቪ ሪሞት ባትሪ ሲያልቅም ለኛ ነው የሚደወለው፣ እሱን እንተወው። እስከ ጥቅምት ድረስ የኔትወርኩ ካርታ ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። ፈቃድ የወጣሁ ቀን ስልኬ አያርፍም፤ ልጁ የትኛው ኬብል ከየት ወዴት እንደሚሄድ በምን ይወቀው?

ዘ ዱድን የጫንኩት በዚህ ምክንያት ነው። የላትቪያው የኔትወርክ ዕቃ አምራች ማይክሮቲክ በነጻ የሚሰጠው የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራም ነው። ራውተሩም፣ ስዊቹም (ኬብሎቹን የሚያከፋፍለው)፣ አክሰስ ፖይንቱም (ዋይፋይ የሚረጨው) ካርታ ላይ አንድ አንድ ሳጥን ይሆናሉ፣ በመስመር ይያያዛሉ። የዕቃው አገልግሎቶች ሁሉ ሲሠሩ ሳጥኑ አረንጓዴ ነው፣ ከፊሉ ሲቆም ብርቱካናማ፣ ሁሉም ሲቆም ቀይ። ድሮ የፕሮግራሙ ሰርቨር (ዕቃዎቹን የሚከታተለው ክፍል) ዊንዶውስ ላይ ይጫን ነበር። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የሚሠራው የማይክሮቲክ ራውተሮች በሚሠሩበት ሲስተም፣ ራውተር ኦኤስ ላይ ነው። እኔ ሄክስ የምትባለው ትንሿ ራውተር ላይ ነው የጫንኩት፤ 256 ሜጋባይት ራም ብቻ ነው ያላት፣ ግን ማይክሮ ኤስዲ ማስገቢያ አላት። ሰባ ምናምን ዕቃ ትከታተልልኛለች፣ እስካሁን አልተንገዳገደችም።

የመጀመሪያው ቀን አስቂኝ ነበር። የአይፒ (የየዕቃው የኔትወርክ አድራሻ) ክልሉን ሰጥታችሁ «ፈልግ» ስትሉት ያገኘውን ሁሉ እንደተደፋ ምስር ካርታው ላይ ይበትነዋል። እሱን ፎቅ በፎቅ ለይቼ ለየፎቁ ንዑስ ካርታ ሠራሁ። መስመሮቹን በእጄ ነው የሳብኳቸው፣ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፣ ምክንያቱም ለመሳል ማወቅ ያስፈልጋል፣ ለማወቅ ደግሞ መሰላል ይዞ ኮርኒስ ውስጥ መግባት። ያ ሳምንት ብቻውን ግን ድካሙን ክሶኛል። ሒሳብ ክፍል ውስጥ የማላውቀው ሳጥን ብቅ አለ። ከፍቼ ሳየው የቤት ዋይፋይ ራውተር ነው! አንዱ ከቤቱ አምጥቶ ጠረጴዛ ሥር ሰክቶታል። ራውተሩ ደግሞ በራሱ አይፒ ያድላል፣ ኮምፒውተሮቹ የተሳሳተ አድራሻ ይዘው ሲቀሩ እኛ ለሁለት ወር «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው» እያልን ዊንዶውስ ስንጭን ከርመናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ከሪሴፕሽን ተደወለልኝ። «ሲስተሙ አልከፍት አለኝ፣ እንግዳ ተሰልፎብኛል።» ካርታውን ከፈትኩ። ሰርቨሩ አረንጓዴ። ስዊቹ አረንጓዴ። የሷም ኮምፒውተር አረንጓዴ። «ከኔትወርኩ አይደለም፣ ሪስታርት አድርጊው» አልኳት በሙሉ ልብ። ሦስት ጊዜ ሪስታርት አደረገች፣ ምስኪን። ወርጄ ሳየው የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ዳታቤዙ ቆሟል። ማሽኑ ግን በሕይወት አለ፣ ፒንግ ሲደረግ ይመልሳል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በዚያ ሳጥን ላይ ያደረግሁት ፒንግ ብቻ ነበር። ፒንግ በር አንኳኩቶ «አለሁ» የሚል ድምፅ እንደመስማት ነው። ውስጥ ያለው ሰው ሥራ ላይ ይሁን አልጋ ላይ አይነግራችሁም።

ከዚያ በኋላ ለየሳጥኑ «የዚህ ዕቃ ሥራው ምንድን ነው?» እያልኩ መፈተሻ ጨመርኩ። ለዳታቤዙ የራሱን ፖርት (ጥያቄ የሚቀበልበትን በር) የሚያንኳኳ የቲሲፒ መፈተሻ። ለእንግዳው የመግቢያ ገጽ፣ ገጹን ጠርቶ ውስጡ አንድ የታወቀ ቃል መኖሩን የሚያይ። ለዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ ለሚለውጠው) ደግሞ አንድ ስም እንዲጠይቅ፣ መምጣት ያለበትን አይፒም እንዲያውቅ አደረግሁ። ጥር ላይ ይህ የመጨረሻው መፈተሻ ጥቅሙን አሳየ፦ የዲኤንኤሱ ሳጥን ብርቱካናማ ሲሆን አይቼ አስተካከልኩት፣ «ዋይፋዩ ይገናኛል ግን ምንም አይከፍትም» የሚል አንድም እንግዳ ሳይደውል። ካርታውን ጭናችሁ በፒንግ ብቻ የምትተዉት ከሆነ ባትጭኑት ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ሪሴፕሽኗ ላይ እንዳደረግሁት በልበ ሙሉነት ትሳሳታላችሁ።

መስመሮቹም ዝም ብለው ጌጥ አይደሉም፣ የሚያልፈውን ትራፊክ ያሳያሉ። ሁለቱም ጫፍ ማይክሮቲክ ከሆነ ከካርታው ላይ የፍጥነት ፈተና ማስኬድ ይቻላል። ወደ ሁለተኛ ፎቅ የሚሄደው መስመር ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ነው ብለን እናምን ነበር። ስፈትነው 94 ሜጋቢት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። 94 ካያችሁ ብዙ አትመራመሩ፣ መስመሩ 100 ላይ ነው የተስማማው፣ ብዙ ጊዜ አንዷ ሽቦ አልነካችም ማለት ነው። የኬብሉን ጫፍ፣ አርጄ 45ቱን፣ ቆርጬ እንደገና ክሪምፕ አደረግሁት፣ አለቀ። ፈተናው መስመሩን ስለሚሞላው ቀን ላይ አታስኪዱት። እኔ አንዴ ስብሰባ እያለ አስኪጄው... ተዉት።

የተቋረጡትን የሚመዘግበው ሠንጠረዥ ደግሞ አንድ ክርክር ዘጋልኝ። እኛ ቤት ኢንተርኔት ሲጠፋ «ከላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም» ይባልና ይታለፋል። መዝገቡን ሳየው መቋረጡ ሁልጊዜ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ነው፣ ሰዓቱም መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ከተነሣበት ጋር አንድ ነው። (20:10 የሚለው በኛ ማታ 2 ከ10 ነው፣ ለልጁ ይህንን ማስለመድ ራሱ ሥራ ነበር።) ኤሌክትሪሺያናችንን ጠራሁ። «ጋሼ፣ የታችኛው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ዕቃውን ይዞ የሚቆየው) ባትሪው የሞተ ይመስለኛል።» «አንተ ልጅ፣ የዩፒኤሱ መብራት በርቷል እኮ!» አሉኝ። ሶኬቱን ነቀልነው። ዩፒኤሱ አንድ ሰከንድ ሳይቆይ ጸጥ አለ። ጋሼ ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። ባትሪው ተቀየረ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት የተመዘገበ የለም።

የማይመቸው ነገርም አለ። መልኩ ያረጀ ነው፣ ክላየንቱ (ካርታውን የምታዩበት ክፍል) ለዊንዶውስ ነው፣ ሊኑክስ ላይ በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም በሚያስኬደው) ነው የምትከፍቱት። ከስልክ ካርታውን አያለሁ ብላችሁ አትቋምጡ። ክላየንቱና ሰርቨሩ አንድ ቨርዥን መሆን ስላለባቸው ራውተሩን ባዘመናችሁ ቁጥር ክላየንቱም ይዘመናል። ማሳወቂያውን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሳላስብ ለሁሉም ከፍቼው፣ የአራተኛ ፎቅ ስዊች ሲጠፋ ከሥሩ ያሉት አሥራ አንዱም ዕቃ በየተራ በሌሊት ጮኸብኝ። ለየዕቃው «ወላጁ» (ከበላዩ ያለው ዕቃ) ማን እንደሆነ መሙላት ነበረብኝ። አሁን በትንሽ ስክሪፕት ወደ ቴሌግራም ግሩፓችን ይልካል፣ ወላጁ ሲወድቅ ልጆቹ ዝም ይላሉ።

ሌላው ካርዱ ነው። መረጃው ያለማቋረጥ ስለሚጻፍበት ርካሽ ማይክሮ ኤስዲ አይችለውም። የኔው አምስተኛው ወር ላይ ሞተ። ባክአፕ? የለኝም። ካርታው ከነመስመሩ ጠፋ፣ እንደገና አራት ቀን። አሁን በየሳምንቱ ዳታቤዙን ኤክስፖርት አድርጌ ሌላ ቦታ አስቀምጣለሁ። ኤስኤንኤምፒ (ዕቃዎቹ ስለራሳቸው መረጃ የሚሰጡበት መንገድ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ «ፐብሊክ» የሚለውን፣ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግለውን ነባሪ ስም ለውጡት፣ እንግዳ ባለበት ቤት አይተውም።

ባለፈው ወር ለአምስት ቀን ፈቃድ ወጣሁ። ልጁ የደወለው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱ ለሪሞት ባትሪ። ካርታው ቢሮ ውስጥ ባለች አሮጌ ቲቪ ላይ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ጋሼም ሲያልፉ በበሩ ብቅ ብለው «ዛሬ ቀይ አለ?» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የለም። የወጥ ቤቱ ፕሪንተር ግን ማታ ማታ ቀይ ነው፤ ሼፉ ሲወጣ ከነማከፋፈያው ነቅሎት ይሄዳል፣ ብለምነውም እምቢ አለ።