የድሮ መኪና ያላችሁ፣ እኚህን አባት ሳታማክሩ ሞተር እንዳታስወርዱ

ይሄን የምጽፈው ለአንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ያለኝን ምስጋና በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ መኪና ይዛችሁ የምትሰቃዩ ካላችሁ አንብቡት። የሚሰቃይ ጓደኛ ካላችሁም ላኩለት።

መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ያቺ ሁላችንም «ዲኤክስ» የምንላት። የአባቴ ነበረች። እሱ ካረፈ በኋላ ወንድሞቼ «ሽጪያት፣ ምን ታደርግልሻለች» ሲሉኝ እምቢ ብዬ እኔው ያዝኳት። እናቴን ለስኳር ክትትል የማመላልሰው በእሷ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችኝን ተንከባክቤ መያዝ ነው እንጂ ሌላ እገዛለሁ ማለት ለእንደኔ ዓይነቷ ደመወዝተኛ ቀልድ ነው።

ችግሩ የጀመረው ክረምቱ እንደወጣ ነው። የሙቀት ጌጇ በድንገት ትነሳና ቀይ ትገባለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ማንም ሳይነካት ትወርዳለች። የድሮ መኪና የነዳ ሰው ቀይ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ሞተሩ ከጋለ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያው) ይቃጠላል፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከዚያ ወዲያ ወጪው አያልቅም። እናቴ ጋቢና ቁጭ ብላ መንገዱን ትታ ጌጇን መጠበቅ ሥራዋ ሆነ። «ልጄ ተነሳች! ልጄ ቀይ ገባች! ኧረ ቁሚ!» ቀለበት መንገድ ላይ ዳር ይዤ ስቆም ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ያቀልጠዋል። ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ ጭስ የለም፣ እንፋሎት የለም። እዘጋለሁ። እንሄዳለን። እንደገና «ልጄ!»

የዞርኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። እንጀራቸው ነው። የሆነውን ግን ልናገር።

አንዱ ገና ከመኪናው ሳልወርድ «እህት፣ ቴርሞስታት ነው» አለኝ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘውን ማለቱ ነው። አወጣና ወረወረው። በምትኩ ምንም አላስገባም። «ለአዲስ አበባ አየር አያስፈልግም» ብሎ ብሩን ተቀበለኝ። ሌላው ራዲያተሩን አስፈትቶ አሳጠበኝ። ሌላው ደግሞ ሶማሌ ተራ ልኮኝ የውሃ ፓምፕ ገዝቼ መጣሁ። አስገባው። ከጋራዡ በር ብዙም ሳልርቅ ቀይ! ተመልሼ ስነግረው «እንግዲህ አሮጌ መኪና ነው» አለኝ። አሮጌ መሆኗን ፓምፑን ከመግዛቴ በፊት አያውቅም ነበር?

የመጨረሻው ግን አንጀቴን አሳረረው። መኪናዋን አንዴ ዞራትና «ሞተር ይወርዳል» አለ፣ ወጥቶ ይፈታ ማለቱ ነው። የጠራውን ዋጋ ስሰማ እግሬ ከዳኝ። «ቆይ፣ ይሄ ነገር የሚሆነው እኮ ሁልጊዜ አይደለም…» ብዬ ላስረዳው ስሞክር አልሰማኝም። አብሮኝ ወደመጣው የእህቴ ልጅ ዞረና፣ መንጃ ፈቃድ እንኳ ለሌለው ጎረምሳ፣ ስለ ቴስታታ ማብራራት ጀመረ። መኪናዋ የኔ፣ ብሩ የኔ፣ ማብራሪያው ለሱ! «አስቤበት እደውላለሁ» ብዬ ወጣሁ። አልደወልኩም።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ሲያየኝ ፊቴ ጠቁሯል መሰለኝ ምን ሆነሽ አለኝ። ነገርኩት። «ሞተር ከማስወረድሽ በፊት አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን አለ፣ እሱን አሳዪ» አለኝ። ጉለሌ በኩል ነው። ታፔላ የለውም። አሮጌ ኮንቴይነር ነው፣ በሩ ላይ የሽቦ ጥቅልል ተሰቅሏል። ስደርስ እውነቱን ለመናገር ልቤ አልሞላም።

እኚህ አባት ኮፈኑን አልከፈቱም። መጀመሪያ በርጩማ ሰጡኝ። «ተቀመጪ ልጄ። መቼ መቼ ነው የምትነሳው?» አሉኝ።

ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም እኮ! ስንቱ ፈታት፣ ስንቱ አጠባት፣ ማን ጠየቀኝ? ኮረኮንች ላይና የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ እንደሚብስባት ነገርኳቸው። አስፋልት ላይ ስንወጣ ቶሎ እንደምትወርድም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሞተር በአንዴ ሞቆ በአንዴ አይቀዘቅዝም። ጌጇ ሳትዋሽ አትቀርም። ግን መጀመሪያ ሞተሩን እንይ።»

አዩት። የዘይት መለኪያዋን መዝዘው በጨርቅ ጠረጓት፣ እንደገና ከተው አወጧትና አሳዩኝ። ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ቢሆን ማኪያቶ ይመስል ነበር አሉ። ጥቁር ነበር፣ ንጹሕ ጥቁር። የራዲያተሩ ውሃ አልጎደለም። ሞተሩን አስነስተው ጎማ ቱቦዎቹን በእጃቸው ዳበሱ። ሙቀቱ ጤነኛ ነው። ከዚያ እኔን መሪው ጋ አስቀመጡኝ። «አንቺ ጌጇን ብቻ እያየሽ ንገሪኝ» አሉና ከሞተሩ ጎን ያሉትን ሽቦዎች ወዝወዝ ማድረግ ጀመሩ።

«አሁንስ?»

«ምንም።»

«አሁንስ?»

«ኧረ ተነሳች! እየወጣች ነው!»

ሞተሩ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አለች፣ ሙቀቱን ለጌጇ የምትነግረው እሷ ናት አሉኝ። ሽቦዋን ከላይዋ ነቀሏት። «ወረደች?» አልወረደችም። ቀይ ላይ ናት። «እንግዲያው ጥፋቱ እዚች ላይ አይደለም፣ ሽቦው ላይ ነው» አሉ። የኤሌክትሪኩን ነገር ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። ያየሁት ግን ከዓይኔ አይጠፋም። ሽቦዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው እንደ ዓይነ ስውር በዳሰሳ ተከተሏት፣ ተከተሏት፣ አንድ የብረት ማሰሪያ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ላስቲኳ ተበልቶ መዳቡ ራቁቱን ብረት ላይ ተኝቷል። በካቻቢቴ ጫፍ ቀና አደረጓት።

ጌጇ ቀስ እያለች ወረደች። ጮህኩ። «አባባ ወረደች!» መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በዚህ አላበቁም። «ነይ ራስሽ እዪው» ብለው ካቻቢቴውን ሰጡኝ። ሽቦዋን ብረቱ ላይ ስጫናት የእህቴ ልጅ ከውስጥ «ወጣች» ይላል፣ ሳነሳት «ወረደች» ይላል። ያ ሁሉ ብር፣ ያ ሁሉ ጭንቀት፣ ከጥፍሬ የማይበልጥ የተላጠ ሽቦ!

የተበላውን ቆርጠው በአዲስ ቀጠሉት፣ ሸፈኑት፣ ከብረቱም አራቁት። ቴርሞስታቱ መውጣቱን ሲያዩ ተቆጡ። ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅላት ቤንዚን የምትጠጣው ለዚህ ነው አሉ። ለካ! የራዲያተሩን ክዳንም አገላብጠው አዩት። እዚህ እኛ ጋ ከፍታው ስለሚበዛ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል፤ እንዳይፈላ አፍኖ የሚይዘው ክዳኑ ነውና ላስቲኩ ሲደክም ቀይሪው አሉኝ። አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቁኝ፣ እናንተም ያዙት። ጌጅ ትዋሻለች ብላችሁ ቀይ ላይ እንዳትነዱ። ቀይ ከገባች ቁሙ፣ አጥፉ፣ ክዳኑን በትኩሱ እንዳትከፍቱ፣ ከዚያ ይታይ።

ሂሳብ ስላቸው የጠየቁኝ ለሁለት ሰው ምሳ አይበቃም። ጨምሬ ብሰጣቸው መለሱልኝ። እጃቸውን እየጠረጉ «የማን ነበረች?» አሉኝ። የአባቴ አልኳቸው። «ሰውዬው ይዟታል» አሉ፣ በቃ ይሄን ብቻ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ሲያጥባት፣ እኛ ልጆቹ ባልዲ ስንሻማ ታየኝ። እንባዬ መጣ። እሳቸውም አይተው እንዳላየ ሆኑልኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ጌጇ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። እናቴም ወደ መንገዱ ማየት ጀምራለች። አሁን ሥራዋ «ቀስ ብለሽ ንጂ» ማለት ነው።

እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እናንተም ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ! የጌጅ፣ የመብራት፣ የሽቦ ነገር ከሆነ ሌላ ጋ ብራችሁን ከመበተናችሁ በፊት እሳቸው ይዩት። «ስሜን እንዳታወጪው» ስላሉኝ ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ወረፋ አለ። እሁድ አይከፍቱም። ዋጋ እንዳትከራከሯቸው፣ ያሳፍራል።